ይደመሰሳል የተባለው ቅጂ

አንዳርጋቸው የሚባል ጊታር መቺ ነበረን። ጣቱ ወርቅ፣ ቃሉ ግን ገለባ። ላወራላችሁ የተነሣሁት ስለ የብርጓል ነው፤ ነገር ግን እሱን አስቀድሜ ሳልረግም የሷን ታሪክ መጀመር አልሆነልኝም። ይቅር በሉኝ።

የብርጓል ባሕር ዳር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጥ ፈታይ ነበረች። አባቷ ሲሞት እናቷን እማማ እናትዓለምንና ታናሽ ወንድሟን ሣህሉን ይዛ ከይፋግ መጣች፤ ሁለቱም በሷ ደሞዝ አደሩ። የፈትል ክፍሉ ጩኸት ስላስለመዳት ሰላምታዋ እንኳ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እኛ የሠራተኛው ባንድ ዘፋኝ ስንፈልግ አልፈተንናትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዋን ስትጠራ ሰምተን ወሰድናት።

እኔ የመጋዘን ጸሐፊ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ድራም እመታለሁ። ለመስከረም ሁለትና ለሜይ ዴይ የታዘዝነውን እንጫወታለን፤ በተረፈ ሰርግ ነው። አንዳርጋቸው መሪያችን ነበር። ቴፕ ስለነበረው ልምምዱንም ሰርጉንም ሁሉ ይቀዳል። ከመጀመራችን በፊት ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ ብሎ ቀኑንና የሙከራውን ቁጥር ይናገራል። «አንተ ሰው፣ ሳነጥስም ቁጥር ስጠኝ» እለው ነበር። ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር፤ ሞኝ።

ሣህሉ በሰባ አራት ወደ ሰሜን ዘመተ። በሰባ አምስት ኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ በክራንች የሚሄድ የጦር ጓደኛው ፋብሪካው በር ላይ የብርጓልን አስጠርቶ፣ ሣህሉ በጥቅምት መሞቱን ነገራት። በደብዳቤም በመንግሥትም የመጣ ነገር አልነበረም፤ ያ ሰው ብቻ።

መርዶ ደንብ አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ንጋት ላይ ነው የሚነገር፤ ሰው በሰው ተደግፎ እንዲወድቅ። እማማ እናትዓለም ደግሞ ያን ጊዜ በልብ ሕመም ተኝተው ገና ከሐኪም ቤት መውጣታቸው ነበር። ይፋግ ያሉት አጎቶች «እህሉ ይሰብሰብ፣ እሷም ታገግም፤ በጥር መጥተን እናረዳታለን» ብለው ላኩ። እስከዚያ የብርጓል ችላ ትያዘው ተባለ። ለመናገር ቀላል ነው።

መልእክታቸው ከደረሳት በኋላ ሁለት ቀን ቻለች። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ በምሠራበት መጋዘን አንድ የሰርግ ዘፈን እየተለማመድን በመሐል ድምጿ ተቋረጠ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ለቅሶው መጣ፦

ሣህሉ ወንድም ዓለም አፈር ለበሰ፣
የእናቱ ጋቢማ ገና አልደረሰ።

እናቱ እውነትም ጋቢ እየፈተሉለት ነበር። እኔ ዱላዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ። አንዳርጋቸው ጊታሩን ሳያቋርጥ በአንድ ክር ብቻ ይከተላት ነበር፤ አሁን ሳስበው ይህም ያንገበግበኛል። ስትጨርስ የቴፑን ቀይ መብራት አየችው።

«ቀዳኸው?»

«እደመስሰዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በነገው ሚካኤል! እደመስሰዋለሁ።»

ኅዳር አሥራ አንድ ነበር፤ ማግስቱ ሚካኤል። ምስክሩ እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላ ለምን እንደዋሸ ጽፌ ጠየቅሁት። «ከሠራነው ሁሉ እውነተኛው እሱ ብቻ ነው፤ እንዴት ብዬ ላጥፋው?» ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነው፤ እሱን የመሰለ ነገር ሠርተን አናውቅም። ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ጥር መጣ፤ አጎቶቹ አልመጡም። የእማማ ልብ እንደገና ደከመ ተባለና መርዶው ለፋሲካ ተላለፈ። ከፋሲካ ለፍልሰታ፣ ከፍልሰታም ወዲያ ቀን የቆረጠለት ሰው አልተገኘም። በዚያው በጥር ግን፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ተዳረች፤ አጫዋቾቹ እኛ ነበርን። እማማ እናትዓለም ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ ወጥተው፣ ነጭ ለብሰው ዳሱ መሐል እስክስታ ወረዱ። እልልታቸው ከከበሮዬ በላይ ነበር። የብርጓል ፊቷን ከእናቷ አዙራ ወደ እኔ እያየች ዘፈነች። እኔ ከበሮዬን አየሁ።

ከዚህም የባሰ አለ። እማማ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ ተምረዋል፤ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ ያነባሉ። የሣህሉን ደብዳቤ ሁልጊዜ ጓደኛው ይጽፍለት ስለነበር የባዳ እጅ አያስጠረጥራቸውም፤ የሴት ልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ ግን ስለሚያውቁት የብርጓል ወደ እኔ መጣች። በሣህሉ ስም ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ። ጋቢው አልቆ «ላኪለት» ብለው ሲሰጧት ደግሞ እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነውና በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ «ጋቢው ደርሶኛል እማዬ። እዚህ ብርድ ነው፤ ሞቆኛል» ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፌ ቆንጆ ነው ይሉኛል።

በሰባ ስድስት አንዳርጋቸው የቀዳውን ሁሉ ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ባንዱም ፈረሰ። በሰኔ ወር ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ እማማ እናትዓለም አስጠሩኝ። ደርሼ ሳይ የቤታቸው ቴፕ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጠገቡ አዲስ ካሴት። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሙዚቃ ቤት ራሳቸው ሄደው ገዝተውት ነው። ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም፣ ከሥሩም «ያልተሰሙ፣ ሙከራዎችና የሰርግ ጨዋታዎች» ይላል።

«ልጄ በካሴት ወጣች! አንድም ሰው አይነግረኝ? የብርጓል ከእሑድ ፈረቃዋ እስክትመጣ አብረን እንስማው ብየ ነው» አሉ፤ ቆሎ እያቀረቡልኝ።

እኛም ስለ ካሴቱ የነገረን አልነበረም። የትርፍራፊ ክምር ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። አንደኛው ገጽ በሰላም አለቀ፤ የተሳሳትነው፣ የሳቅነው፣ እኔ የሳልሁት ሳይቀር አለ። ሁለተኛውን ገለበጡት። የጥር ወሩ ሰርግ መጣ፤ በመሐሉ የራሳቸው እልልታ። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እንደ ልጃገረድ ሳቁ። «ይቺ እኔ አይደለሁም?»

ቀጥሎ የአንዳርጋቸው ድምፅ፦ «ኅዳር አሥራ አንድ፣ ሰባ አምስት፣ ሙከራ ሦስት።»

እጄን ወደ ቴፑ ሰደድሁ። «እማማ፣ ባትሪው እንዳያልቅብዎ እንዝጋው» አልሁ።

«ተው እንጅ፣ ልጄን ልስማበት።»

የሰርጉ ዘፈን ተጀምሮ ተቋረጠ። ከዚያ የሴት ልጃቸው ለቅሶ፣ የወንድ ልጃቸው ስም፣ የራሳቸው ጋቢ። የልባቸው ነገር አስፈርቶኝ ልደግፋቸው ተነሣሁ። አልወደቁም። እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና እስከ መጨረሻው ሰሙት። ቴፑን የዘጉት ራሳቸው ናቸው።

«ይኸ ለቅሶ» አሉ፣ «ከሰርጉ በፊት ነው በኋላ?»

ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ይኸን ነው። ምን ለማወቅ እንደፈለጉ ገባኝ፤ ልጃቸው እያወቀች አስጨፍራቸው እንደሆነ።

«በኋላ ነው እማማ» አልሁ።

ክሩን ወደ ኋላ መለሱት። ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ የአንዳርጋቸውን ድምፅ አገኙት። ኅዳር አሥራ አንድ። ሰባ አምስት።

«የሚካኤል ዋዜማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ኅዳርን ከጥር አላሳስትም። አንተም ዋሸኸኝ?»

የብርጓል የጥጥ ብናኝ ጸጉሯ ላይ እንዳለ ስትገባ ካሴቱን አየች፣ እናቷን አየች፣ እዚያው በሩ ላይ ተንበረከከች። እማማ አልጮኹባትም። «አርባውን ማን አወጣለት?» ብቻ አሉ። ማንም አላወጣለትም። ፍትሐት እንኳ አልተፈታለትም፤ ካስፈታን ይሰማሉ ብለን።

በማግስቱ አጎቶቹ ተልኮባቸው ከይፋግ ደረሱ፤ የሚያረዱት ነገር ግን አልቆባቸዋል። ድንኳን ተተከለ። እኔም ጋቢውን ከሣጥኔ አውጥቼ ወሰድሁና እግራቸው ላይ ወድቄ ደብዳቤዎቹን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ጋቢውን ተቀብለው አሸተቱት፤ ያልተለበሰ አዲስ ጥጥ ነበር። «ሞቆኛል ብሎኝ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤታቸው።

ለቀስተኛው ሲሞላ የብርጓል ተነሣች። ድምጿን የማያውቅ ስላልነበር ድንኳኑ ሁሉ ወደሷ ዞረ። አፏን ከፈተች። እማማ እናትዓለም ጋቢውን እንደያዙ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ አልቅሰሻል» አሉ። «እኔን ሳትጠሪኝ፣ ከባዳ ጋር ሁነሽ አልቅሰሻል። አሁን የኔ ተራ ነው፤ ተቀመጭ።»

የብርጓል ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ለለቀስተኛው ውሃ ስታቀርብ እንጂ አንዲት እንባ ስታፈስ ያያት የለም።