እስከ ክርን

ሪፍዓት ሸለቢ ከሱስ ታክሞ ወደ ሥራው ሲመለስ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ሰው በሙሉ አቅፎ ሳመው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሄዶ የግል ሣጥኑን ቆለፈ። ሪፍዓት የቁልፎቹን ድምፅ እየሰማ እንዳልሰማ ሆነ። አልፈረደባቸውም። ፖርት ሰዒድ ወሬ የማይደበቅባት ከተማ ናት፤ ማደንዘዣ ሰጪው ሪፍዓት የበሽተኛ መድኃኒት ራሱን ሲወጋ እንደተያዘ ከጀልባ ነጂው እስከ ዓሣ ሻጩ ያልሰማ አልነበረም።

ያልቆለፈችው እንሺራሕ ብቻ ነበረች። የክፍሉ ነርሶች አለቃ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ኮሪደሩን የሚሞላ ሴት። በዕድሜ ታላቁ ስለሆነች እሱም ሌላውም «አብላ» ይሏታል፣ እንደ ታላቅ እህት። ዳይሬክተሩ ዶክተር ወጊህ ይሄ ሰውዬ መጋዘን ገብቶ አንሶላ ይጠፍ ሲሉ፣ ጠረጴዛቸውን መታ አድርጋ፣ እሱ ቢያጠፋ እኔን አባሩኝ ያለችው እሷ ናት።

የሪፍዓት ጣጣ የጀመረው ከወገቡ ነው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ራስጌ ቆሞ ሲውል ወገቡ አልታዘዝ እያለ ያሰቃየው ነበር። አንድ ቀን ከቀዶ ጥገና የተረፈ የሕመም ማስታገሻ መርፌው ውስጥ ቀረ። ደንቡ ሁለት ሰው እያየ ገንዳው ውስጥ ይደፋ ነው የሚለው፤ ሁለተኛዋ ሰው ግን ምሳ ቸኩላ ሄዳለች። ገንዳው ከሚጠጣው እኔ ልሞክረው ብሎ ሞከረው። የዚያን ዕለት ወገቡ ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ያለው ጭንቀት ሁሉ ጸጥ አለለት። ከዚያ ወዲያ ወገቡ ባያመውም ያመኛል ይል ጀመር። ክንዱ እንዳይታይበት ካልሲውን አውልቆ እግሩን ይወጋል። ለምን ታነክሳለህ ሲሉት ሪህ ይዞኛል ይላል። የዋሆቹ ደግሞ አፍልተህ ጠጣው እያሉ ፓርስሊ የሚባለውን ቅጠል በእስር በእስሩ ያመጡለት ነበር።

መጸዳጃ ቤት ራሱን ስቶ በወደቀ ጊዜ በሩን በትከሻዋ ሰብራ ያወጣችው እንሺራሕ ናት። ካይሮ ለሕክምና ተኝቶ በነበረባቸው ወራት ዓርብ ዓርብ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ የተጠበሰ ዓሣና በሽንኩርት የጠየመ ሩዝ ቋጥራ ትመጣለታለች። ሚስቱ ደላል አንድም ቀን ብቅ አላለችም። ልጃቸውን ይዛ ኢስማዒሊያ ወንድሟ ቤት ገብታ፣ ሙሉ ዓመት ንጹሕ ሆነህ፣ ሥራህንም ይዘህ ካየሁህ እመለሳለሁ ብላ ላከችበት። ዓመቱ የሚሞላው ከዒድ በኋላ ነበር። ሪፍዓት ጠዋት የሚነሳውም ማታ የሚተኛውም ያቺን ቀን እያሰበ ነው።

እንሺራሕ ለእሱ ስትል አዲስ አሠራር አመጣች። ድሮ የጠንካራ መድኃኒቶቹን ቁም ሣጥን የሚከፍቱት ነርስና ማደንዘዣ ሰጪ አብረው ነበር፤ አንዱ ብልቃጡን ሲሰብር ሌላው ያያል። አሁን እሱ ወደዚያ ዝር እንዳይል ብላ፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ራሷ ከፍታ ራሷ በመርፌ ስባ ታቀብለዋለች።

«ፈተናውን ካንተ ላርቀው ብዬ ነው፤» አለችው።

ሪፍዓት እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። ሌሎቹ ማደንዘዣ ሰጪዎችም ድካም ስለቀነሰላቸው ደስ አላቸው፤ ለምን ያለ አልነበረም።

ረመዳን ሲገባ ከቀዶ ጥገና የወጡ በሽተኞች እየጮኹ ይነቁ ጀመር። ክፉኛ የጮኹት ዳሌያቸው የተጠገነላቸው ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሐጅ በደዊ ናቸው። ሪፍዓት የተቀበለውን መርፌ በገዛ እጁ ወግቷቸዋል፤ ሰውየው ግን ትራሱን ነክሰው ያቃስታሉ። የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። ያ መድኃኒት ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ቀምሶታላ። መርፌው ውስጥ የነበረው ውሃ ነው።

ሌላውም ይህንኑ ጠረጠረ፤ እንሺራሕን በክፉ የሚያስብ ስለሌለ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ። ሽንት ስጥ ተባለ፣ ሰጠ፣ ንጹሕ ሆነ። እንግዲያው ይሸጠዋል ተባለ። ደላልም ወሬው ደርሷት ደወለች፤ እኔ አይደለሁም ቢላት፣ እናያለን ብላ ዘጋችበት።

በዚያው ሳምንት ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ልጅ እየተጣደፈ መጣ። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ጾሙ አዙሯት ተቀምጣለች፤ ቀዶ ሐኪሙ ታጥባ እንድትተካት እንሺራሕን ጠራት። ይህች ሴት በመታጠብ የታወቀች ነበረች። ጀማሪ ነርሶችን ገንዳው ጋ አሰልፋ፣ እስከ ክርን ታጠቢ፣ ክርንሽን ያከራየሽው ይመስል ምን ትሸሽዋለሽ እያለች ስትቀልድባቸው ኖራለች። አሁን ግን ከሥራ ልብሷ ሥር የለበሰችውን እጅጌ ረጅም ሹራብ ወደ መዳፏ ጎተት አደረገችና፣ አልችልም፣ እጄን ሪህ ይዞኛል አለች።

ሪፍዓት ልቡ ስንጥቅ አለ። እንሺራሕ ከታጠበች ስንት ጊዜዋ ነው? ቢያስብ ቢያስብ፣ እሱ ከተመለሰ ወዲህ አንድም ቀን ክንዷን አላየም። ልጁ በሌላ ነርስ ታግዞ በሰላም ከወጣ በኋላ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ድረስ ተከተላት።

«ለሪህሽ ፓርስሊ ላምጣልሽ፣ አብላ?»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለች፤ መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር አለች። ሪፍዓት ይህንን ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ያለው ይህንኑ ነው።

«እኔ እንድመለስ ስትከራከሪልኝ ጀምረሽ ነበር?»

«ዓሣውን ከልቤ ነው ያመጣሁልህ።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«ጀምሬ ነበር፤» አለች። «ሪፍዓት፣ አንተ አንዴ ወድቀሃል። ብትደግመው ማንም አይደነቅም። እኔን ግን ማን ያነሳኛል?»

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሰው ላይ ይሠራል ብሎ አስቦ አያውቅም። የተሰበረው በር፣ የዓርቡ ዓሣ፣ አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ፣ የትኛው ለእሱ፣ የትኛው ለራሷ እንደነበር መለየት አቃተው። ክህደት እንደሆነ ግን አልጠፋውም፤ ተናደደ። ቢሆንም ካይሮ ያከሙት ሰዎች እሱን ያነሱት ጥፋቱን በራሱ አፍ እንዲናገር አድርገው ነው፤ ራስሽ ለዳይሬክተሩ ንገሪያቸው፣ እኔ ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ አላት። አለቀሰች፣ በእናቷ መቃብር ማለችለት፣ ነገ እናገራለሁ አለችው።

በማግሥቱ ዶክተር ወጊህ ቁም ሣጥኑን ሊያዩ ወደ ክፍሉ መጡ፤ ሁሉም መታጠቢያው ጋ ቆሟል። ሪፍዓት እንሺራሕን አየት አደረጋት፣ አይዞሽ ለማለት። እሷ መሬት መሬቱን እያየች፣ ማክሰኞ እኔ ለጸሎት ወጣ ባልኩበት ቁም ሣጥኑን ሲነካካ አግኝቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ዋስ ልሆነው አልችልም አለች።

ሪፍዓት አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ ዶክተር አላቸው፤ ሁለታችንም እዚሁ፣ ዓይንዎ እያየ እንታጠብ። ነገሩ ግራ ቢገባቸውም ታጠቡ አሉ። በክርን የሚገፋውን ቧንቧ ከፈተና ሁለት ክንዶቹን ታጠበ። ጫማና ካልሲውንም አውልቆ የእግሩን አሮጌ ጠባሳዎች አሳያቸው። ከዚያ ውሃውን ሳይዘጋ ዞር አለላት።

«ተራሽ ነው፣ አብላ። እስከ ክርን።»

እንሺራሕ የሚፈሰውን ውሃ ብዙ አየችው። ሁሉም እጅጌዋን እስክትሰበስብ ይጠብቃል። እሷ ግን ጠጋ አለችና፣ እንደ ልማዷ፣ ቧንቧውን በክርኗ ገፍታ ዘጋችው።

ያኔ ዶክተር ወጊህም ገባቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። በዚያው ሳምንት እሱ ታክሞ የወጣበት ካይሮ ያለው ቦታ ወሰዷት። ቁም ሣጥኑንም እንደ ድሮው ሁለት ሰው ይክፈተው ተባለ፤ አንዱ ሪፍዓት ነው። ደላል ደወለች። አንተ እንዳልሆንክ ነገሩኝ፣ ከዒድ በኋላ እንመጣለን አለች። ሪፍዓት እሱ ራሱ ነግሯት እንደነበር አላነሳባትም።

ዓርብ ዕለት ዓሣ ጠበሰ፣ ሩዙን በሽንኩርት አጠየመው፣ ቋጥሮም አውቶቡስ ተራ ሄደ። ረዳቱ ካይሮ፣ ካይሮ እያለ ይጣራል። ሪፍዓት ቋጠሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሄደ፤ ሌላው መጣ፣ እሱም ሄደ። ለመሳፈር እግሩ እምቢ አለው፤ ወደ ቤቱ ለመመለስም እምቢ አለው። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲባል ቋጠሮውን ፈትቶ እዚያው ጾሙን ፈታበት። አንዴ ጎረሰ። እንሺራሕ ታመጣለት የነበረው ዓሣ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ትዝ አለውና፣ ያን ጊዜ፣ ሰው እያየው፣ አለቀሰ።