ገዳዩን በፊቱ የማውቅ ልጅ

ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው አጠገብ ባለው አፓርታማዬ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ የድሮ የወንጀል ምርመራ ፊልሞችን የሚደግመውን ቻናል ስከፍት፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሙዚቃ ነው፤ አንድ ቫዮሊን ብቻውን ይጀምርና ከበሮ ይከተለዋል። ሰው ትዝታ ደስ ይላል ሲል እሰማለሁ። እኔን ግን ይህ ሙዚቃ ወደ አዲስ አበባ መልሶ፣ በአባቴ ሳሎን ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አድርጎ ያስቀምጠኝና ድምፁን እቀንሰዋለሁ።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር። በበጋ፣ አርብ አርብ ምሽት፣ ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ይመጣና፣ ሳሎኑ ሲሞላ ቀሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ የእንግሊዞቹን ፊልም ያይ ነበር። ቋንቋውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ከዚያ ሳጥን ለቅሜ ለሰፈሩ አስተረጉም ነበር፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛዬን የሚያርም ሰው አላገኘሁም።

ይበልጥ የምኮራው ግን ገዳዩን ቀድሜ በመናገሬ ነበር። መርማሪው ሁሌም አንድ ሰው ነው፤ አሳላፊ፣ ሐኪም፣ የባንክ ጸሐፊ እየሆኑ የሚመጡትም ልብስ የቀየሩ እነዚያው ጥቂት ተዋናዮች ነበሩ። በተለይ ሪዙ ቀጭን፣ ፈገግታው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሰውዬ ከመጣ ነገሩ አለቀ፤ ገዳዩ እሱ ነው።

«ይሄ ሰውዬ ባለፈው አርብ ተሰቅሎ አልነበረም እንዴ?» ይሉ ነበር ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች።

«ሥራው ነው እትዬ፤ ደሞዝ ይከፈለዋል።»

«ለመሰቀል? እንግዲያው ባሌንም አስቀጥርልኝ።»

ክረምቱ ሲገባ፣ እናቴ ለሠርግ ከአክስቴ ተውሳ ገና ካልመለሰችው የወርቅ ጉትቻ አንዱ ጠፋ። አክስቴ ቀላል ሰው አልነበረችም፤ እናቴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እጆቿን እያፋተገች ከክፍል ክፍል ትመላለስ ነበር። አባቴ የቡልጋ ሰው ስለነበር የአገሩን አውጫጪኝ ከተማም ገብቶ አልተወውም፤ የግቢውን ሰውና ጎረቤቱን ሳሎን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር አዘዘ። በፊልሙ መጨረሻ መርማሪው ሁሉን አንድ ክፍል ሰብስቦ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል፤ ተራዬ ሳይደርስ ተነሣሁ። ጣቴን የቀሰርኩት የጓሮውን ክፍል በተከራዩት ልብስ ሰፊ፣ በጋሽ ተሰማ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት መጋረጃ ሊለኩ እናቴ መኝታ ቤት መግባታቸውን ተናገርኩ። ሪዛቸው ቀጭን፣ ፈገግታቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሆኑን ግን አልተናገርኩም።

«አንተ ልጅ፣ ሲወስድ አይተሃል?» አለ አባቴ።

«አውቄባቸዋለሁ።»

ጋሽ ተሰማ አልተቆጡም። «የኔ ጌታ፣ በምን አወቅህብኝ?» ብቻ አሉኝ።

የቀሰርኩትን ጣት አላወረድኩም። ሰፈሩም አርብ አርብ ተሳስቼ አላውቅምና አመነኝ። አባቴም ጉትቻውን እስከ ዘመን መለወጫ እንዲመልሱ፣ አለዚያ ክፍሉን እንዲለቁ ፈረደ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሊያሰፋ የእሳቸውን ደጅ የረገጠ ሰው አላየሁም።

ጳጉሜን ሲገባ፣ የእናቴን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሳራግፍ ጉትቻው ስፌቱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ማንም አላየኝም። ወደ እናቴ መሮጥ ሲገባኝ ኪሴ ከተትኩትና ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። የጋሽ ተሰማ በር በተከፈተ ቁጥር እደነግጥ ነበር፤ የሚያስፈራኝ ግን የእሳቸው ሌባ መባል ሳይሆን፣ ተሳሳተ መባሌ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጉትቻውን እናቴ አልጋ ሥር ጣልኩት፤ ስትጠርግ አገኘችውና እልል አለች። ጋሽ ተሰማ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የስፌት መኪናቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ሄደው ነበር። አባቴ በየሰፈሩ አስፈለጋቸው፤ አልተገኙም። እኔም ለማንም ሳልናገር ይኸው እስከዚህ ዕድሜ ደረስኩ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ቤት ብዙ ሰው ወደ ለንደን መጣ፤ ጥርጣሬውም አብሮ መጣ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ካሌዶኒያን ሮድ፣ አንድ ያገራችን ሰው ካፌ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ አብሮን የተቀመጠ ወጣት ጥግ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው በዓይኑ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ይለያሉ። ያ ሰውዬ ሰላይ አይመስልም?»

«ምን አድርጎ?»

«ፊቱን አላዩትም? ማንንም አያናግርም እኮ። የጥገኝነት ኬዛችንን ሊያበላሽብን ነው።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ እኔን ይጠብቅ ነበር፤ እዚያም ቃሌ ይሰማል። ሰሃኔን ይዤ ተነሣሁና ከሰውዬው ፊት ለፊት ተቀምጬ ስሙን ጠየቅሁት። በልጅነቴ የተናገርኩት እርግጠኛ ሆኜ ነበር፤ ያን ቀን ግን ምንም እርግጠኛ ሳልሆን ነው የጠየቅሁት። እስኪመልስልኝም ዓይኔ ፊቱን ይመረምር ነበር፤ እኔም ጠርጥሬው ነበርና።