ከሩዝ አውሮፕላኑ ያልወረደው ባል

አክስቴ ቡዋላይ ሽመናዋ ላይ ስትቀመጥ ታንጎራጉራለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ መወርወሪያው በድሩ መሃል ሲያልፍ አብሮት የሚያልፍ፣ እንደ ክር የሚጎተት ድምፅ። የምታንጎራጉረውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው፦

«ሩዝ የጫነው አሞራ በሰማይ ነጎደ፤
ጆንያው ደረሰልን፣ ገፊው የት ወረደ?»

ገፊው ባሏ ኬንቻን ነው። በጦርነቱ ዘመን ፈረንጆች በሚያበሩት የጭነት አውሮፕላን ተቀጥሮ፣ በተራሮቹ መሃል ለተከበቡት መንደሮች በተከፈተው በር የሩዝ ጆንያ እየገፋ ይጥል ነበር። በአንድ የዝናብ ወቅት ማለዳ ከሦስት ፈረንጆች ጋር ተነሣ፤ እንደ ወጣ ቀረ።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ወደ ጦርነት ሲሄድ እናቱ ከሽርጧ ጥለት ቁራጭ ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ ክታብ አድርጎ አንገቱ ላይ ያስረዋል። የእናት ሽርጥ የነካውን ጥይት አይነካውም ይባላል። የኬንቻን እናት ግን ገና በሕፃንነቱ ሞታለች። ስለዚህ ቡዋላይ ከራሷ ሽርጥ ቆረጠችለት፤ በትንሽ የብር ቀፎ ጠቅልላ አፉን በሰም ደፈነችው። መንደርተኛው ሳቀበት።

«ኧረ ኬንቻን! ከሚስትህ ሽርጥ ሥር ተደብቀህ ልትበር ነው?»

«ምነው፣ ቀናህ? ያንተ ሚስት እንኳን ሽርጧን ውሃም አትሰጥህ!» አለ አሉ።

ይህን ክታብ ሰው ሲታጠብም ሲተኛም አያወልቀውም። ለሌላ መስጠትማ የማይታሰብ ነው።

ቡዋላይ መልከ መልካም ስለነበረች ጠያቂ አላጣችም። «ባል የለሽም፤ ለምን አታገቢም?» ሲሏት «ባልማ አለኝ፤ አድራሻው ነው የጠፋብኝ» ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ ግን ወደ ሽመናዋ ዞራ ትቆያለች። እኔ የእህቷ ልጅ እሷው ዘንድ ነው ያደግሁት፤ ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። በእኛ እምነት በክፉ ሞት የሞተ ሰው አጥንቱ ተገኝቶ ካልተቃጠለ፣ ዐመዱ በገዳሙ ግቢ ካላረፈ፣ ነፍሱ ዱር ለዱር ትንከራተታለች። ቡዋላይ ከዓለም የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ኬንቻንን ወደ ግቢው ማስገባት።

ፀጉሯ ከነጣ በኋላ የቀርከሃ ቀንበጥ ለቀማ የወጡ ሴቶች ከላይ ከተራራው፣ ደመና ከማይለየው ጫካ ውስጥ፣ ሥር የጠቀለለው ብረት አገኙ። ወሬው እንደ ደረሰ አጥንት ፈላጊ ፈረንጆች ከመንግሥት ሰዎች ጋር መጡ። ድንኳን ተከሉ፤ በጋውን ሙሉ የገደሉን አፈር በወንፊት ነፉ። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የሩዝ አውሮፕላኑ መሆኑን መሰከረ። ከፈረንጆቹ ሁለቱ በጥርሳቸው ታወቁ። ከዚያ የሦስተኛ ሰው አጥንት ወጣ፤ ስብርባሪ ነው፣ ጥርስም የለው። የጎድን አጥንቱ መሃል ትንሽ የብር ቀፎ ተጋድሟል። የአራተኛው ሰው ግን ምልክቱም አልተገኘም።

ቡዋላይ ወደ ገዳሙ አዳራሽ ተጠራች። ያላትን የሐር ሽርጥ ለብሳ ሄደች። የመንደሩ ሹም ቱንካም ቀድሞ አጥንቱ የሚቃጠልበትን እንጨት አስከምሮ፣ መነኮሳቱንም አስጠርቶ ነበር። የአጥንት ሐኪሟ ፈረንጅ ሴት ናት፤ ቪላይ የሚባል የከተማ ልጅ ያስተረጉምላታል።

ቀፎው ተከፈተ። ከሰሙ ሥር ጨርቁ ቡናማ ሆኗል፤ በጥለቱ የተጠለፉት የወንዝ ዘንዶዎች ግን ጅራት ለጅራት እንደተያያዙ ናቸው።

«የእኔ እጅ ነው» አለች ቡዋላይ። «ይቺ ዘንዶ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ያኔም ክር አልቆብኝ ነው።»

ቪላይ አስተረጎመ፦ «እማማ፣ አፈሩ አጥንቱን በልቶታል፤ በዘረ መል ምርመራም ምንም አልወጣም። ያልታወቁት ባለቤትዎና ሦስተኛው ፈረንጅ፣ ትንሹ አብራሪ፣ ብቻ ናቸው። ክታቡ የባለቤትዎ ከሆነ አጥንቱም የእርሳቸው ነው ማለት ነው። የእርስዎ ቃል ይበቃል። ዛሬውኑ ይረከባሉ።»

«ልንካው?»

ሳይሰበር የቀረ አንድ የቀኝ ክንድ አጥንት ነበር። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ዓይኗን ጨፍና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ ሌላኛው ክንድ እንዳለ ጠየቀች። ሌላኛውም ተሰጣት፤ ግማሹ ብቻ ነው። ጉንጯን አስጠጋችበት።

«ያ ትንሹ ልጅ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰው አለው?»

«እናቱ በሕይወት አሉ። በጣም አርጅተዋል አሉ።»

ቱንካም ቁና ቁና ተነፈሰ፤ እሱም እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ አክስቴ ነው የሚላት። «አክስቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ክታቡ ያንቺ ነው፣ ተቀበይ በቃ! እንጨቱ ተከምሯል እኮ።»

«እንጨቱን ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ ብዙ አልቆይም።» አጥንቱን እንደ ሕፃን ጨርቁ ላይ መለሰችው። «ይሄ ኬንቻን አይደለም። ኬንቻን ሳያገባኝ በፊት ኮኮናት ሊያወርድልኝ ወጥቶ ወድቋል። የቀኝ ክንዱ ተሰብሮ፣ ወጌሻው አጣሞ ጠገነው። ክንዱን ስተራስ ጉብታው ጉንጬን ይቆረቁረኝ ነበር። ይሄ ቀጥ ያለ ነው።»

«ታዲያ ክታቡ ምን አባቱ ሊሠራ እዚህ ተገኘ?»

«ሰጥቶት ነዋ!»

«አክስቴ፣ እሱን ማንም አይሰጥም!»

«ኬንቻን ይሰጣል። ልጁ ፈርቶ አልቅሶበት ይሆናል። ያ ሞኝ... የእኔን ጨርቅ አውልቆ አሰረለት!» አለችና እዚያው ወለሉ ላይ እንባዋ ወረደ። «ያን ሁሉ ዓመት፣ ብቻውን ጮኾ ይሆን፣ ፈርቶ ይሆን እያልኩ ስቃጠል፣ እሱ ሰው እያባበለ ነበር።»

ሐኪሟ የተተረጎመላትን ሰምታ መነጽሯን አወለቀች። ቀፎውን በሁለት እጇ ለቡዋላይ ዘረጋችላት።

«እሱ የሰጠውን እኔ አልቀማም» አለች ቡዋላይ። «ከልጁ ጋር ይሂድ። ለእናቱ ንገሯት፤ ሲወድቅ ሰው አብሮት ነበር በሏት።»

ዝናቡ ሲጀምር ድንኳኑ ተነቀለ። የኬንቻን አጥንት አልተገኘም። በተከፈተው በር ወድቆ ይሆናል አሉ፤ ገደሉ ውጦት ይሆናልም አሉ። ቱንካም ከአውሮፕላኑ ሥር አፈር ዘግኖ አመጣላትና «በእሱ ፈንታ እናቃጥለው» አላት። ደህና አድርጋ አመስግና አፈሩን የሙዝ ችግኟ ሥር ደፋችው።

በዚያው ክረምት የሙታን በዓል ደረሰ። በዚህ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን ለሞቱብን በገዳሙ ግቢ እናስቀምጣለን፤ ዐመዳቸው ግቢ ላልገባ ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ሁላችንም ወደ ውስጥ ስንገባ ቡዋላይ በሩ ላይ ቆመች። እጇን ይዤ ልስባት ብል ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። ከአጥሩ ማዶ፣ ጤዛው ውስጥ ቁጭ አለች፤ ጥቅሉን ፈታ ሩዙን በጣቷ ጠቅጥቃ አስቀመጠች። የመነኮሳቱ ከበሮ እስኪመታ ድረስ በዚያች ቀጭን ድምፅ ታንጎራጉር ነበር፦

«ግባ እንዳልልህ በሩ አልተከፈተ፤
ና እንብላ እዚሁ፣ ጥቅሉ ተከፈተ።»

ፀሐይ ወጥታ ሰዉ ሲበተን እንኳ አልተነሣችም።