ያቺኛዋ እኔ

ጁባ ከመጣሁ ጀምሮ ለእናቴ አንድ ነገር ስነግራት ነበር፦ በማታውቂው ቁጥር የደወለልሽን ሰው፣ ድምፁ የኔን ቢመስል እንኳ እንዳታምኚ፤ ዘንድሮ ድምፅም በኮምፒውተር ይሠራል አሉ። የኔ መልእክት የሚመጣው በታናሽ እህቴ ስልክ ላይ፣ ፎቶዬ ካለበት አካውንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ የሆነውን ዝጊው። ከጁባ በቀጥታ መደወል ስለሚወደድ ሁሌም የምንገናኘው በዚያው ነበር፣ የስልክ ቁጥሬንም አታውቀውም። እሺ፣ እሺ ስትለኝ ጎበዝ ተማሪ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አማራት በሚባለው የጁባ ሰፈር ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። አንድ ከሰዓት የደንበኛዬን ግማሽ ራስ ሠርቼ ሳልጨርስ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን የኳየር መሪ መልእክት መጣልኝ። የጸሎት ግሩፓችንን ተራ እያወጣሁ ነው፣ አሁን ስልክሽ ላይ ኮድ ይገባልሻል፣ ላኪልኝ ትላለች። ላክሁላት። ወባ የጣለኝ ጊዜ ሾርባ ይዛ የመጣች ሴት ናት፣ በእሷ ማን ይጠራጠራል? ሹሩባውን ሳልጨርስ ስልኬ ከገዛ አካውንቴ አስወጣኝ።

መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ጁባ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰደበው ኔትወርክ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፣ ሲም ካርዱን አውጥቼ አሻሸሁት፤ ወይ ፍንክች። ማታ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ የኳየር መሪዋ እኔ ምንም አልጻፍኩልሽም ብላ ማለች፤ የእሷም አካውንት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እምቢ ብሏታል። ታዲያ ማን ነው የጻፈልኝ? ለማንስ ነው ያቀበልኩት? 

በማግስቱ ጁባ ታውን አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። የአገሩ ልጅ ነው፣ ግን ስደተኛ ሆኖ ኢትዮጵያ ስላደገ አማርኛው ከኔ አይተናነስም። ነገሬን ሰምቶ "ማሌሽ" አለኝ፣ አይዞሽ እንደማለት። ኮዱን መስጠት የቤትን ቁልፍ መስጠት ነው፣ ለማንም አይሰጥም አለ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገብተሽ ቢሆን ኖሮ ኮዱ ብቻውን ለሌባዋ አይበቃትም ነበር፤ አሁን ግን እሷ የራሷን ስላስገባች ለማስመለስ አንድ ሳምንት እንጠብቃለን አለኝ። ከዚያ በራሱ ስልክ ፈልጎ አሳየኝ። ነጭ ነጠላ የለበስኩበት ፎቶዬ፣ ስሜ፣ ከሥሩ ደግሞ "ኦንላይን" ይላል። እኔ እዚህ አቧራ ላይ ቆሜ፣ እዚያ ኦንላይን ነኝ። ስልኩን ተቀብዬ "ማነሽ አንቺ?" ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። ወዲያው ብሎክ አደረገችኝ። እኔን፣ እኔ!

የማንም ቁጥር በቃሌ የለም፤ ሁሉም ከአካውንቱ ጋር ነው የሄደው። የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው፣ ያቺ በተን ስልኳን። ሻሸመኔ ደወልኩ።

እማዬ አልኳት። ልጄ እንደምትደውዪ ነግራኛለች፣ በድምፄ መጥታ እኔ ነኝ ትልሻለች ብላኛለች አለችና ዘጋችው። ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው፣ በማን እናደዳለሁ? በራሴ ተናደድኩና መልሼ ደወልኩ።

በሁለተኛው ጥሪ ተቆጣች። ልጆቼን ተያቸው አለች። ታናሿ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ እህቷ ትሄዳለች፣ ፓስፖርቷም በፎቶ ተልኳል፣ የሚወስዳት ሰው መናኸሪያ ይጠብቃታል፣ አንቺ አታሰናክዪአትም አለች። ከኋላ እህቴ "እማ ዝጊው፣ ሌባዋ እሷ ናት" ስትል ሰማሁ። እሷን ማናገር ብፈልግ በምን አንጀቷ ትሰማኛለች? ሥራ አገኘሁልሽ ብያታለሁ ለካ፣ ያቺኛዋ እኔ። እኔ ሥራ አላገኘሁላትም። ማንም ሰው አላዘጋጀሁላትም። ልጅቷን የት ሊያደርሷት እንደሆነ እንጃ፣ የጠጋኙ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ስደውል፣ እባክሽ እማዬ፣ ያቺ እኔ አይደለሁም አልኳት።

"የጠየቅኋትን መልሳለች" አለችኝ።

ምን ብለሽ ጠየቅሻት? ስላት፣ ወደ ጁባ ስትሄጂ እንዴት አድርጌ ሸኘሁሽ ብዬ አለች። ያቺኛዋም፣ መናኸሪያ ድረስ መጥተሽ፣ አቅፈሽኝ አልቅሰሽ፣ አምላክሽ ይቅደም ብለሽ መረቅሽኝ ብላ ጽፋላታለች።

ይሄ ቃል በቃል የኔ ምስክርነት ነው። ያው የጸሎት ግሩፑ ላይ በድምፅ ቀድቼ የላክሁት፣ እህቶች ያለቀሱበት። እኛ ጋ ጌታ ያደረገልንን ሁሉ እንመሰክራለን፤ የልጅነት ሕመሜ፣ የአባቴ ሞት፣ የሰፈራችን ስም፣ ምን የቀረ አለ? ሌባዋ ቁጭ ብላ ማዳመጥ ብቻ ነው የቀራት።

እንግዲህ እኔ መሆኔን በምን ላሳይ? የነገረቻትን ደግሜ ብነግራት እኩል ነን፤ ሌላ ብናገር ውሸታም ነኝ። ግራ ገባኝ። ያኔ ነው ቱግ ያልኩት፣ ቱግ ማለት መቼም አይከብደኝም።

"ውሸቷን ነው! መናኸሪያ አልመጣሽም። ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሽ ነበር። ቻው እማዬ ብልሽም አልመለስሽልኝም።"

ለእህቶች አሳምሬ የመሰከርኩትን በገዛ አፌ አፈረስኩት። ስልክ ጠጋኙ ብሎን እንደሚፈልግ ሰው አጎነበሰ።  ከዚያ እናቴ፣ ወደ ጎን ዞራ ነው መሰል፣ ሻንጣውን አውርጂው ስትል ሰማኋት። እህቴ ጮኸች። እናቴ ደግማ አውርጂው አለቻት።

"አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ሊገባኝ አልቻለም። እንዳልሸኘሽኝ እያወቅሽ እንዴት አመንሻት? ብዬ ጠየቅኋት። ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ ነው አለች። ያን ቀን ሸፍነሽልኝ፣ እንደ መረቅሁሽ አድርገሽ የያዝሽልኝ መስሎኝ። ታናሽሽን እንኳ አቅፌ መርቄ ልሸኛት ተነስቼ ነበር አለች።  ደህና ሁኚ ብቻ ብያት ዘጋሁት።

እህቴ አልሄደችም፤ ሲበዛ አኩርፋኛለች። አካውንቴ ተመልሶልኛል፣ ሁለተኛውን የይለፍ ቃልም አስገብቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ኮድ ለማንም አትስጡ እያልኩ አሰልችቻለሁ። ያቺኛዋ ሴት ትሁን ወንድ፣ እዚሁ ጁባ ትኑር ሌላ አገር፣ ዛሬም አላውቅም። አንዳንዴ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ።

እናቴ ግን ጥንቃቄ ለምዳለች። አሁን በስልክ ስንገናኝ ከሰላምታ በፊት እንዴት ሸኘሁሽ ትለኛለች፤ ግድግዳውን ካልነገርኳት አታናግረኝም። በደወልኩ ቁጥር፣ ፊትሽን አዙረሽ ነበር፣ አልመለስሽልኝም እላታለሁ፤ እሷም እህ ብላ ትተነፍስና ጤናዬን ትጠይቀኛለች። ባለፈው እሑድ ድምፅዋ የታመመ ሰው ድምፅ ሆነብኝ፣ አንጀቴን በላችው። እንዴት ሸኘሁሽ ስትለኝ፣ መናኸሪያ መጥተሽ አቅፈሽ መረቅሽኝ እማዬ አልኳት።

ዘጋችብኝ።