ወይዘሮ አስካለን ያደነቅሁበት ፋሲካ

ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የጥንት ቋንቋዎችን ነው። ሰሞኑን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በመጻሕፍቷ ሞልታብኝ ስለ አንድ ጥንታዊ የላቲን ልብ ወለድ ፔፐር ትጽፋለች፤ ሰው በአስማት ወፍ ሲሆን፣ አህያ ሲሆን የሚተርክ ነው። ትናንት አጠገቧ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ቀና ብላ፣ «ማሚ፣ ሀበሻ ውስጥ ሰው አኒማል የሚሆንበት ስቶሪ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ዋሸኋት። አለ፤ እኔው ነኝ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ቢላ፣ መጥረቢያ ሲሠራ የሚውል፣ እጁ የማያርፍ ሰው። የመንደራችን ሰው እሱ በሠራው ማረሻ እያረሰ፣ እሱ ባበጀው ቢላ ሥጋውን እየከተፈ፣ እኛን ግን ቡዳ ይለን ነበር። ዐይናችን ሰው ይበላል፣ ሲሻን ደግሞ ጅብ እንሆናለን። ቶሮንቶ ስገባ ይህን ጉድ እዚያው ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሪጀንት ፓርክ፣ በኋላ ከፈረሱት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ እኖር ነበር። ኃይሉ ከሚባል የታክሲ ሾፌር ጋር ልንጋባ ቀለበት አስረናል። አንድ ቀን የአባቴን ሙያ በኩራት አጫወትኩት። ሞኝ ነበርኩ። እሱም ሄዶ ሬክስዴል ለሚኖሩት አክስቱ ነገራቸው።

አክስቱ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ኃይሉን ስፖንሰር አድርገው ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው ለእሱ ሕግ ነው። ፊት ለፊት ምንም አላሉኝም። ብቻ ቤታቸው ስሄድ ድስቱን ይከድናሉ፤ ሕፃን የያዘ እንግዳ ካለ ሕፃኑ ላይ ነጠላቸውን ጣል ያደርጉበታል። ወር ሳይሞላ ኃይሉ ስልኬን ማንሳት ተወ። ኋላ ኮል አደረገና ድምፁን ቀንሶ፣ «አክስቴ ጅብ አታግባ አለችኝ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ከጅቡ ይልቅ ምን ላድርግ ማለቱ አቃጠለኝ። ለሠርጉ ቀሚስ ተለክቼ ነበር።

ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኮሌጅ እማር ነበር። ክሬዲት ጎድሎኝ የወሰድኩት ኮርስ የጥንት ሥነ ጽሑፍ ሆነና፣ ጸጉሯ የሸበተ መምህርታችን ሜሮን አሁን የምታጠናውን ዓይነት የላቲን ወግ ታነብልን ጀመር። በወጉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በሯን ዘግታ ገላዋን ቅባት ትቀባለች፣ ላባ ታበቅላለች፣ በመስኮት ወጥታ ትበራለች። ክፍሉ ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። በመንደሬ የተሰደብኩበት ነገር እዚህ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ በክብር ይነበባል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሴትዮዋ አለማፈር ነው። ቀባች፣ በረረች፣ አለቀ። ከክላስ ወጥቼ ስትሪትካር ስጠብቅ፣ የቀለጠው በረዶ ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣ ወሰንኩ። ጅብ ካሉኝ ጅብ እሆንላቸዋለሁ።

የፋሲካ ዕለት ሳልጠራ ሬክስዴል ሄድኩ። ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ ዐይኔን ተኩዬ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ዶሮው፣ ዐይቡ፣ ድፎው ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ተቀመጥኩና ማድነቅ ጀመርኩ። ማድነቅ ብቻ። ሀበሻ የሰው ነገር ሲያምረው እትፍ እትፍ ይላል፣ ወይም የእግዜርን ስም ይጠራል፤ ይህን ሳይል አተኩሮ ያደነቀ ሰው ቡዳ ነው። እኔ አላልኩም።

ወጡ እንዴት አምሮበታል አልኩና ድስቱን ትክ ብዬ አየሁት። ጎርሶ የነበረ አንድ ሰውዬ ማኘኩን አቆመ። የልጃገረዶቹን ጸጉር አደነቅሁ፣ አዲሱን ሶፋ አደነቅሁ፣ ደጅ የቆመችውን መኪና በመስኮት አሻግሬ አደነቅሁ። ሳልቸኩል፣ አንድ በአንድ። ማድነቅ ስድብ አይደለምና ማንም ሊቆጣኝ አልቻለም። በመጨረሻ ወደ ቤቱ እመቤት ዞርኩ።

«ጉልበትዎስ ቢሆን፣ ወይዘሮ አስካለ። ያንን ደረጃ እንደ ኮረዳ እኮ ነው የሚወጡት።»

ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ጎተቱት። «በእመቤቴ ይዤሻለሁ ልጄ፣ እትፍ በይበት» አሉኝ።

ልጄ ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እትፍ አላልኩም። ያቺን ልመናቸውን እስከ ዛሬ አጣጥማታለሁ።

ኃይሉ ፍሪጁን ተደግፎ ቆሟል። ተራው እንደ ደረሰ ገብቶት ግንባሩን አልቦታል። ከእግሩ እስከ ራሱ አየሁት።

«አንተን እንኳ ተወው» አልኩት። «የሚደነቅ ነገር አላገኘሁብህም።»

ከወጣሁ በኋላ ወጡን የነካው ሰው እንደሌለ፣ ድስቱ እንዳለ እንደተደፋ ሰማሁ። በሳምንቱ ወይዘሮ አስካለ ከዚያው ደረጃ ወድቀው ጉልበታቸው ተሰበረ። ምንጣፉ ተነቅሎ ኖሮ አደናቅፏቸው ነው። ወሬውን ያመጣችልኝ ጓደኛዬ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ከሬክስዴል እስከ ጄን ኤንድ ፊንች ልጇን የምታሳቅፈኝ ሀበሻ ጠፋች። ይፍሩኝ አልኩ፤ ደስም አለኝ።

ነገሩ የዞረብኝ ሜሮንን የወለድኩ ዕለት ነው። ነርሷ ደረቴ ላይ ስታስተኛት፣ ስታምር ልል አፌን ከፈትኩና ያ የተሰበረ ጉልበት ትዝ አለኝ። ሳልላት ቀረሁ። እትፍ እንዳልል ቡዳነቴን ማመን መሰለኝ። ምንጣፍ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጄን ሳላደንቃት ኖርኩ።

ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። ይቅር አላልኳቸውም፤ ያ ፋሲካ ተመልሶ ቢመጣ ዛሬም ሄጄ አደንቃቸዋለሁ። ከአፌ የወሰዱብኝን ቃል ግን ማን ይመልስልኛል?

ዛሬ ጠዋት ሜሮን ፔፐሯን ጨርሳ፣ ላቲኑን እየተረጎመች አነበበችልኝ። እጇን እያወናጨፈች፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ እየወደቀ። ጽሑፏም እሷም ያምሩ ነበር። ስትጨርስ፣ «ማሚ፣ አንድ ነገር እንኳን በይ፤ ፕሊስ» አለችኝ። ፊቷ ላይ የወደቀውን ጸጉሯን ሰብሰብ አድርጌላት፣ «ቢውቲፉል» አልኳት። ቡዳ እንግሊዝኛ አይሰማም ብዬ ነው።