እማዬ፣ አትዙሪ

እህቴ መሲ አካውንቲንግ የተማረችው ወዳ ሳይሆን ተመድባ ነው። የመውጫ ፈተናውን አንዴ ወድቃ ለሁለተኛው ስትዘጋጅ ምግብም እንቅልፍም አስጠላት። ደብተሯን ዘርግታ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ልቧ መለስ የሚልላት ስልኳን ከፍታ የሌሎችን ፎቶ ስታይ ብቻ ነበር። በተለይ አንዲት ፎቶ አንሺ ነበረች፤ የሰው ፊት የማታነሳ። እጅ፣ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ። እኔ ኮልፌ ብየዳ ቤት በርና መስኮት የምሠራ ሰው ነኝ፤ "ይቺ ሴትዮ የሰው ጭንቅላት ምን አድርጓታል?" ብዬ ስቀልድ መሲ ትቆጣለች።

"ኪዳን፣ አንተ አይገባህም። እኔ ይሄን ሳይ ነው የምተነፍሰው።"

እውነቷን ነበር። ቀስ በቀስም ስክሪኑ በተሰነጠቀው ስልኳ ራሷ ማንሳት ጀመረች። የምታነሳው እናታችንን ነው። እማዬ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ትውላለች፤ ማታ መጥታ ደግሞ የእኛን ታጥባለች። መሲ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አረፋ የሸፈነውን እጇን፣ የጎበጠ ትከሻዋን፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን ታነሳለች። ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። ያኔ ግን አልነገርኳትም።

እማዬ ያማራት ሌላ ነበር። "ፊቴንስ መቼ ነው የምታነሺው? እኔ እኮ ፊት አለኝ።"

"ፈተናውን ልለፍና እኔ ጋዋን፣ አንቺ የሐበሻ ቀሚስሽን ለብሰን ፎቶ ቤት እንነሳለን።"

"እሺ፣ እጠብቃለሁ።"

አንድ እሁድ እማዬ ልብስ ስታሰጣ መሲ ከኋላዋ ልታነሳት ስትል ድንገት ዞራ ሳቀች። ጥርሷ ሁሉ ታየ።

"እማዬ፣ አትዙሪ! አበላሸሽው!" አለች መሲ፤ እዚያው ሰረዘችው።

"ይቅርታ ልጄ" ብላ እማዬ ፊቷን ወደ ገመዱ መለሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ እስቅ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ እማዬ አየር ጤና ታክሲ ስትጠብቅ ወደቀች። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ደም ግፊት ነው አሉን።

ድንኳን ተተከለ። የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ በዛብህ "እዚህ የሚቆም ፎቶዋን አምጡ" አሉ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ወደ መሲ ዞረው "ሁልጊዜ ታነሻት አልነበር፣ ልጄ?" አሏት።

መሲ ስልኳን ከፈተች። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ፎቶ። እጅ፣ ጀርባ፣ ነጠላ፣ ተረከዝ። እየገፋች መጨረሻው ደረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። የተሰረዙት የሚቀመጡበትንም አየችው። ሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ባዶ ነበር።

"እዚህ ጋ እኮ ስቃ ነበር" አለችኝ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች። 

የእማዬን መታወቂያ ፎቶ ቤት ወስጄ ፎቶውን አሳደግኩት። ከአሥር ዓመት በፊት የተነሳችው ነው፤ ተኮሳትራለች፣ ማኅተሙ አንድ ትከሻዋን ሸፍኖታል። እማዬን አይመስልም። ለቀስተኛው ግን እሱን እያየ አለቀሰ።

መሲ ለፈተናው አልተቀመጠችም። ስልኳንም ዘግታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እንዲቀለኝ ብዬ በሆዴ ልፈርድባት ሞክሬ ነበር። ግን እኔም ስልክ አለኝ፣ ያውም ከእሷ የተሻለ። ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ለደንበኛ የማሳየው የበርና የመስኮት ፎቶ ብቻ ነው ያለው።