ከሰርቪሱ ያስቀረኋቸው ሴት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዳልናገር ስለ ኮምፒዩተር ማስረዳቱ ከብዶኝ አለፍኩት። እንግዲህ እናንተው ስሙኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት አምሽተው ለሚወጡ የኮልፌ ሠራተኞች ሰርቪስ ነበረው። ተሳፋሪዎቹ ቀድሞ በእጅ ይለዩ ነበር፤ እኔ ኮቦል በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፍኩለት። መረጃ በሚያዝበት በአንዱ ቴፕ የኮልፌ ነዋሪዎች፣ በሌላው የማታ ተረኞች የሠራተኛነት ቁጥር፣ በቅጥር ተራ የተሰጠው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሯል። ፕሮግራሙ ከሁለቱም አንዳንድ ቁጥር ያነባል። እኩል ከሆኑ ይጽፋል፤ ካልሆኑ ትንሹን ትቶ ከዚያው ቴፕ ቀጣዩን ያነባል። እኔ ግን ተሳሳትኩ፤ የመጨረሻውን ቁጥር እንዳነበበ፣ ሳያወዳድር እንዲያቆም አደረግኩት።

በሁለቱም ቴፕ መጨረሻ ላይ የነበረው ከሁላችን በኋላ የተቀጠሩት የሻይ ክፍል ሠራተኛ፣ የእትዬ ዘነበች ቁጥር ነበር።

ነገሩን ያወቅኩት ፕሮግራሙ በሠራበት በመጀመሪያው ምሽት መኪናው ጸጥ ሲል ነው። ቀድሞ እትዬ ዘነበች ገና ሲሳፈሩ፣ "ሾፌር፣ ለዚች ምሁር የሚሆን ወንድም የለህም? ቆማ ልትቀር ነው እኮ!" ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

ለማረም አንድ መስመር ይበቃ ነበር። አውቄ ተውኩት። እኔ፣ ጉንዳን እንኳ ዘልዬ የማልፈው፣ አውቄ ተውኩት! ሐምሌ ዝናቡን ሲያወርደው እትዬ ከጦር ኃይሎች ወዲህ ጭቃውን እያቦኩ ሲሄዱ በሰርቪሱ መስኮት አየኋቸው። ጥላቸው በነፋስ ተገልብጧል።

"ማሽኑ ነው ያስቀረኝ፤ የፈረንጅ ነገር ምን ይደረጋል?" አሉኝ በማግስቱ ሻይ ሲቀዱልኝ።

እኔስ ምን አልኩ? "ሁለት ስኳር" አልኩ።

መስከረም ላይ አንድ ተላላኪ ተቀጠረ፤ እሱም የኮልፌ ሰው፣ እሱም የማታ ተረኛ። የመጨረሻው ቁጥር የእሱ ሆነና፣ በተራው እሱ ሲቀር፣ እትዬ ዘነበች ያለማንም እርዳታ ተመለሱ። ሰርቪሱ ላይ ወጥተው ሰው ሁሉ እያየ ጉንጬን ሳሙኝ። "ይቺ ናት ማሽኑን ተከራክራ ያስመለሰችኝ! ይቺን ልጅ ሳልድር አልሞትም!"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምርቃቱን ተቀበልኩ። "አሜን" ብያለሁ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን አረምኩ፤ ተላላኪውም ያን ማታ ተሳፈረ። ይህን ለካሳ አልቆጥረውም። ዓይናፋር ነኝ ልበል? ዓይናፋር ሰው ዝም ይላል እንጂ ሌላውን በዝናብ አያስኬድም።

እትዬ ዘነበች፣ ማሽኑ አላስቀረዎትም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁዎት። ይቅር ይበሉኝ። ካልሆነም በሰርቪሱ ሁሉ ፊት ያሳጡኝ፤ ፊቴን አላዞርም።